ለመቀስ የተተወች ምት

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የሌላችሁም ከጎረቤት ተዋሱ። ይህን ያጫወቱኝ ሰው ከሌላ ሰምተው ነው፤ ያም ከሌላ ሰምቶ ነው። በመንገድ የተቆረጠ ወይም የተጨመረ ነገር ቢኖርበት እኔን አትውቀሱኝ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ኋላ ይገባችኋል።

አንድ አገር ነበረ፤ ስሙ ይቆየን። ሦስት በር ያለው፣ ሸለቆ ከሸለቆ የተለያየበት አገር ነው። እዚያ ሰው እንዳሻው ከሸለቆ ሸለቆ አይሻገርም። ለመሻገር መጠራት አለበት። የደንቡ መጽሐፍ የመጀመሪያው ገጽ «ያልተጠራ አያልፍም» ይላል፤ የቀሩት ስምንት መቶ ገጾች ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚጠራ ያትታሉ።

ጥሪው በስም እንዳይመስላችሁ። ስም ይመሳሰላል፣ ስም ያከራክራል ተብሎ ከቀረ ብዙ ዘመኑ ነው። እያንዳንዱ ቤት መቃኑ ላይ የተቀረጸ አራት ቁጥር አለው። ሩቅ ያለ ሰው የሚጠራ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በሸለቆው በር ወዳለው ከበሮ ይሄድና መጀመሪያ የበሮቹን ቁጥር፣ ቀጥሎ የቤቱን ቁጥር እየቆጠረ ይመታል። የመጀመሪያው በር ቁጥሩ አምስት ነው፤ በከበሮ ይናገራል። ሁለተኛው በር ሁለት ነው፤ የድንጋይ ደወል አለው። ሦስተኛው በር ሦስት ነው፤ በቀንድ ይነፋል። የመጀመሪያው በር ለምን አንድ አልተባለም ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። የጠየቀ ሰው ነበረ፤ መልሱን እስከ ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው ይባላል።

እንግዲህ አምስት ቁጥር በር የራሱን ቁጥር ከጥሪው ራስ ላይ ሲሰማ ይቆርጣትና የቀረውን ወደ ደወሉ ያሳልፋል። ሁለት ቁጥር በርም የራሱን ቆርጦ የቀረውን ወደ ቀንዱ ያሳልፋል። ቀንዱም የራሱን ቆርጦ የቤቱን አራት ቁጥር ለሸለቆው ይነፋል። የተጠራው ሰው በሩ ድረስ መጥቶ በመዶሻ ሁለት ጊዜ ይመታል። ያ «አቤት» ማለት ነው። አቤቱም በመጣበት መንገድ ተቀባብሎ ወደ ጠሪው ይመለሳል። የጠሪው ማንነት ደግሞ ምስጢር ነው፤ ቁጥሩ በገመድ ላይ ተቋጥሮ አቤት ላለው ሰው ብቻ ይሰጣል። ሥርዓቱ ይኼው ነው፤ አሁን ወደ ሰዎቹ እንሂድ።

በመጀመሪያው ሸለቆ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ስንዱ ናት። ስንዱን ከሦስተኛው በር ማዶ ላለ ሰው ዳረቻት። መልካም ልጅ ነው አሉ፤ ደግሞም መልካም ነበር። ግን ማዶ ነው። ደብሪቱ ልጇን ሸኝታ ስትመለስ ቤቱ ጠበባት። ሰው ሲጎድል ቤት ይሰፋል የሚሉ አሉ፤ እሷን ግን ጠበባት።

በየካቲት ወር አረንጓዴ ክር መጣላት። ማዶ የተዳረች ልጅ ስታረግዝ አማቶቿ በሩ ላይ አረንጓዴ ክር ያስራሉ፤ ክሩም ከበር በር ተቀባብሎ እናቷ እጅ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው የእናት ፈንታ ነው። ልጇን በቁጥሯ ትጠራታለች፤ የተጠራችውም የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት መጥታ ትወልዳለች። ያልተጠራች ግን እዚያው ትወልድና ልጇ መዝገብ ላይ «ጠሪ የለሽ» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ የተጻፈ ልጅ ዕድሜ ልኩን የእናቱን አገር በር አይረግጥም። የእናቱ ወገን የት እንዳለ እየሰማ ያድጋል እንጂ አንድ ቀንም አያየውም።

ደብሪቱ ክሩን አንገቷ ላይ አሰረችና በመጀመሪያው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከበሮው ዘንድ ደረሰች። አምስት፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ በሮቹን መታች። ቀጥላ የልጇን ቤት መታች፦ ሦስት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት። ፀሐይ ሳትጠና አቤት መጣ። እልል አለች! ወደ ቤቷ ሮጣ አልጋ አነጠፈች፣ ቅቤ አነጠረች፣ ለገንፎው እህል አሰናዳች። ሰኞ ስንዱ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጠራች፤ አቤት መጣ፣ ስንዱ አልመጣችም። በሦስተኛውም እንዲሁ። ምን አለፋችሁ፣ አሥራ ሰባት ቅዳሜ ጠርታ አሥራ ሰባት ጊዜ አቤት ተባለች፤ ልጇ ግን የለችም። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ አጽናኗት፣ ኋላ ከንፈር መጠጡላት፣ በመጨረሻም ሐሜቱን ጀመሩት። «ሰምታ ቀረች እኮ! አቤት እያለች መቅረትስ ምን ይሉታል? የባሏ ቤት ደልቷት እናቷን ረሳች» ይላሉ። ደብሪቱ ልጇን ለሰው አታማም፤ ብቻዋን ስትሆን ግን እሷም ታማት ነበር፤ ታማትና ደግሞ ታለቅሳለች።

አንድ ነገር ግን ከነከናት። አቤቱ ቀርፋፋ ነው። የመጀመሪያው ምት ይመጣና ሁለተኛው እስኪመጣ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ስንዱ ደግሞ እጀ ፈጣን ናት፤ በር ስታንኳኳ እንኳ ሁለቱ አንድ የሚመስሉባት ልጅ ናት።

የአምስት ቁጥር በር ሹም ባሻ ጓንጉል ይባላሉ፤ መዝገባቸውን ከእጃቸው የማይለዩ፣ ጢማቸውን አበጥረው የሚያድሩ ሰው ናቸው። ሄደች ወደ እሳቸው።

«ባሻ፣ ይሄ የልጄ እጅ አይደለም።»

«የማን ሊሆን ነው ታዲያ? አቤት ከተባለ ጥሪው ደርሷል። ይኸው፣ አሥራ ሰባቱንም ደረሰ ብዬ ጽፌአለሁ።»

«ለማን እንደ ደረሰስ ጽፈዋል?»

ባሻ መዝገቡን ገለጡ፣ መልሰው ገለጡ። «ለማን ደረሰ የሚል ዓምድ የለም» አሉ፤ ይህን ሲሉ ትንሽ ያፈሩ መሰሉ።

በአሥራ ሰባተኛው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደብሪቱ ደጇ ላይ ተቀምጣ ሳለ ከበሮው የራሷን ቤት ቁጥር መታ። ስድስት፣ አንድ፣ አንድ፣ ሰባት። መጀመሪያ ጆሮዋን አላመነችም። እሷን ማን ይጠራታል? ነጠላዋን አንጠልጥላ ሮጠች፤ አቤት አለች። ባሻ ጓንጉልም ቋጠሮ ያለበትን ገመድ ሰጧት።

«ጠሪሽ ከሦስተኛው በር ማዶ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ።»

«አላውቀውም፣ ባሻ።»

«እሱ ግን ያውቅሻል። አሥራ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠራ ሰው ጠሪውን መልሶ መጥራት ይፈቀድለታል። አንቺ አሥራ ሰባት ጊዜ ጠርተሽዋል።»

«እኔ? እሱን?» አለች ደብሪቱ፤ ከበሮው ሥር ቁጢጥ አለች።

ሰኔ ገብቷል። ሌላ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው የቀረው፤ ከዚያ በኋላ በሮቹ ለክረምት ይዘጋሉ፣ የሚከፈቱት በመስከረም ነው። ስንዱ ደግሞ መስከረምን አትጠብቅም። ደብሪቱ በሶዋን ቋጥራ፣ ገመዱን ይዛ በማግስቱ ተነሣች። የተጠራች ናትና በሮቹ ሁሉ ተከፈቱላት። ሰኞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስተኛው ሸለቆ ደረሰች።

የጠራት ቤት ከቀንዱ በር ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ የማዕዘን ቤት ነው። ደጁ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቋታል። አያ ይግለጡ ይባላሉ፤ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፣ ጫማቸውን ወልውለዋል። ደብሪቱ እጃቸውን ስታይ የሁለቱ ምቶች ነገር ወዲያው ገባት።

«አቤት የሚሉት እርስዎ ኖት?» አለች፤ ሰላምታም አላስቀደመች።

«እኔ ነኝ፣ እታለም። ግቢ፣ ቁጭ በይ። የምነግርሽ አለ፤ ሳትቀመጪ ብነግርሽ ትመቺኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ውኃ ሰጧት፤ እግሯን ካላጠብኩ ብለው ሲታገሏት እሷ እምቢ አለች። ከዚያ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ተናዘዙ።

«ቤቴ በሩ ሥር ነው፤ ከወዲያ የሚመጣውን ደወል እሰማለሁ፣ ቀንዱ ወደ ሸለቆው የሚነፋውንም እሰማለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ደወሉ ሌላ ሲል ቀንዱ ሌላ እንዳለ ሰማሁ። ደወሉ የዚያን ማዶ ቤት ሲጠራ፣ ቀንዱ እኔን ጠራኝ። ስህተት መሆኑን ያን ዕለት አውቄዋለሁ።»

«አውቀው ዝም አሉ?»

«አውቄ ዝም አልኩ። ዘመድ የለኝም፣ እታለም። ሚስቴ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው፤ ልጅ አልወለድንም። በሃያ ዓመት አንድም ቀን ቁጥሬ ተነፍቶ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሲጠራ እኔ በሬን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ! ደነገጥኩ። ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሲጠራ አቤት አለማለት ይቻላል? አንዴ ብቻ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ኮት ለበስኩ።»

ደብሪቱ ተቆጥታ ነው የመጣችው። በመንገድ ሁለት ቀን ሙሉ ስድብ ስታዘጋጅ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ። ኮታቸውን ስታይ አንዱም አልወጣ አላት።

«አሁንስ ምን ነካዎትና ጠሩኝ?» አለች።

ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ጓሮ ወሰዷት። ከጓሮው ማዶ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ አዲስ ሰፈር የሚሉት፣ ከሌላ ሸለቆ የተዳሩ ሙሽሮች የሚኖሩበት መንደር ነው። ወንዙ ስለሚጮህ የደወሉ ድምፅ እዚያ አይሰማም፤ የሚሻገረው ቀንዱ ብቻ ነው። እዚያ ማዶ፣ አንድ ቤት ደጅ ላይ፣ አንዲት ሆዷ የገፋ ልጅ እንስራ አዝላ ታዘግማለች።

«ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፊቷን ወደ ቀንዱ አዙራ እስኪመሽ ትቆማለች» አሉ አያ ይግለጡ። «ሲነፋ ጣቷን እየዘረጋች ትቆጥራለች። የሷ አይደለም፤ የኔ ነው የሚነፋው። ትገባለች። ባለፈው ሳምንት ስትገባ መቃኗን ይዛ ስታለቅስ አየኋት። ከዚያ ወዲህ እህል አልወረደልኝም።»

ደብሪቱ ልጇን አወቀቻት። አረማመዷን፣ እንስራ ስታዝል ግራ ትከሻዋን ዝቅ የምታደርገውን። እናት አይደለች? «ስንዱ!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ሽማግሌው ግን እጃቸውን አፏ ላይ ጫኑ።

«በአፍሽ እንዳትጣሪ! ከሌላ በር የመጣ ሰው በአፉ የተጣራ እንደሆነ፣ የተጠራው ቤት ቁጥሩ ይሰረዛል። ጨርሶ የማትጠራ ታደርጊያታለሽ።»

እንግዳ ከጠራው ሰው ግቢ አይወጣም። ነፍሰ ጡር ሙሽራ ሳትጠራ ወንዙን አትሻገርም። እናትና ልጅ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ቆመው በመካከላቸው ስምንት መቶ ገጽ አለ። ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች።

«ይሂዱልኝ» አለች፤ «አሁኑኑ። እናትሽ አሥራ ሰባት ጊዜ ጠርታሻለች ይበሉልኝ። አልረሳችሽም ይበሏት።»

አያ ይግለጡ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ። ደብሪቱ ከጓሮው ሆና በዓይኗ ተከተለቻቸው። ወንዙን በድንጋይ በድንጋዩ ተሻገሩ፣ አንዴ ሊወድቁ ነበር፣ ደረሱ። ልጅቷ ፊት ቆመው ብዙ ተናገሩ። ስንዱ እንስራዋን አወረደች። ከዚያ ዞረች። ፊቷ ከዚህ አይታይም፤ እጇን ግን አነሣች። ደብሪቱም እጇን አነሣች። እጅ ማውለብለብ በደንቡ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ያወጡት ሰዎች ሳያስቡት የቀረ ነገር መሆን አለበት። እስኪደነግዝ ድረስ እንደዚያው ሲያውለበልቡ ቆዩ።

በማግስቱ ማለዳ ደብሪቱ ወገቧን አሰረችና በግድግዳው ላይ አንገቷን አስግጋ የቀንዱን በር ሹሞች ተጣራች። ሁለት ናቸው፤ የቁርጥ አለቃና የሙሌት አለቃ። ደንቡ እንዳይነጋገሩ ስለሚከለክላቸው ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት፤ የቁርጡ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ የሙሌቱ ወደ ምዕራብ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አንዱ የሌላውን መልክ አያውቅም።

«ጌታዬ፣ ጥሪ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?» አለች የቁርጡን አለቃ።

«ራሱ ላይ ሦስት ካለ እቆርጣለሁ።»

«አንድ ጊዜ?»

«ሦስት እስካለ ድረስ። ደንቡ ‹ቁጥርህን ከጥሪው ራስ አጥፋ› ነው የሚለው፤ አንድ ጊዜ አጥፋ አይልም። አንድም ሦስት በእጄ ሾልኮ አያውቅም።» ኩራቱ ከድምፁ ይሰማል።

ደብሪቱ ጣቷን ዘርግታ ቆጠረች። ከደወሉ የሚመጣው ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት ነው። የመጀመሪያዋ ሦስት የበሩ ናት፤ ሁለተኛዋ የልጇ ቤት ናት። ሰውየው ሁለቱንም በልቷቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አዲስ ሰፈር ሲመሠረት ሌላው ቁጥር ሁሉ አልቆ ነበርና ቤቶቹ በሙሉ በሦስት እንዲጀምሩ ታዘዘ። ሦስት የበሩ ቁጥር መሆኗን ያስታወሰ ሰው አልነበረም፤ ወይ ያስታወሰውም መናገሩ የሥራ ድርሻው አልነበረም። ያ ሁሉ ሙሽራ በየቤቱ ጠሪ አጣሁ ብሎ ያለቅሳል፤ ያቺ ሁሉ እናት በየሸለቆዋ ልጄ ጨከነች ትላለች።

«እርስዎስ?» አለች የሙሌቱን አለቃ።

«ተቆርጦ ሲመጣልኝ እቆጥራለሁ። አራት ከሆነ እነፋዋለሁ። ከጎደለ በስተጅራቱ አንድ እጨምርበታለሁ።»

ይኸው ነው! አንድ፣ አራት፣ ሁለት ላይ አንድ ሲጨመር የአያ ይግለጡ ቤት።

«የልጄን ቁጥር ቆርጣችሁ ነው እኮ የሽማግሌ የምታደርጉት!»

«እኔ የታዘዝኩትን ቆርጫለሁ» አለ አንዱ ወደ ምሥራቅ። «እኔ የታዘዝኩትን ሞልቻለሁ» አለ ሌላው ወደ ምዕራብ። «ደንቡን የሚለውጠው ጉባኤ ነው፤ ጉባኤው በሰባት ዓመት አንዴ ይቀመጣል፤ አምና ተቀምጧል» ሲል ጨመረ።

ደብሪቱ አንገቷን ልትመልስ ስትል ከኋላዋ የቆሙት አያ ይግለጡ ጣልቃ ገቡ። «ቆይ፣ አለቃ፤ የጎደለውን ይሞላሉ። ቢበዛስ?»

የሙሌቱ አለቃ በረጅሙ ተነፈሰ። «ቢበዛማ ትርፉን ከራሱ ላይ እጥላለሁ። ሥልጣኑ አለኝ፤ ገጽ አራት መቶ አሥር። ግን በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ አንድም ቀን በዝቶልኝ አያውቅም» አለ። ድምፁ ያሳዝን ነበር።

ሽማግሌው ደብሪቱን በክንዷ ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቷት። ዓይናቸው እንደ ወጣት ያበራል።

«እታለም፣ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። መቀስ የሚገባበት ጨርቅ ላይ ልክ ልኩን አንለካም፤ ጣት የሚያህል ትርፍ እንተዋለን። መቀሱ እሷን ይበላል፣ ልብሱ ልኩን ይወጣል። እነዚህ ሰዎች መቁረጣቸው አይቀርም። የሚቆርጡትን ስጫቸዋ!»

ደብሪቱ ሽምብራ አምጥታ መሬት ላይ ደረደረች። የበሩ ሦስት፤ ቀጥሎ አንዲት ትርፍ ምት፤ ቀጥሎ የልጇ ሦስት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት። የቁርጡ አለቃ የበሩን ሦስት ይቆርጣል፤ ከሥሯ ትርፏን ያገኛል፣ ሦስት አይደለችምና ያቆማል። አምስት ቁጥር ይቀራል። የሙሌቱ አለቃ በዛ ብሎ ከራሱ ላይ ያለችውን ትርፍ ይጥላል። የቀረው የስንዱ ቤት ነው፤ አንድም ሳይጎድል! ደብሪቱ ሽምብራውን አሥር ጊዜ ደርድራ አሥር ጊዜ አነሣች። ከዚያ የሽማግሌውን የሚንቀጠቀጥ እጅ ይዛ ሳመች።

«ትርፏ ምት ስንት ትሁን?» አለች።

«ከሦስት በቀር ያሻሽን።»

ያን ቀን ተነሥታ ሐሙስ ቤቷ ገባች። ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሯል፤ ባሻ ጓንጉል ለክረምቱ የሚዘጉበትን መቀርቀሪያ ቅባት እየቀቡ ነበር። ደብሪቱ ከበሮው ፊት ቆመች።

አምስት። ሁለት። ሦስት።

እዚህ ላይ አቆመች። ትርፏን ምት መምረጥ አለባት። ማንም የማይሰማት፣ ለመቀስ የምትጣል ምት ናት፤ ስምንትም ብትሆን ዘጠኝም ብትሆን ለውጥ የላትም። ደብሪቱ ግን አንድ ጊዜ መታች። አንድ የአያ ይግለጡ ቤት መጀመሪያ ናት። ከዚያ የልጇን ቤት መታች፤ ሦስት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት።

«ኧረ ቁጥሩ በዛ!» አሉ ባሻ ጓንጉል።

«ይብዛ፣ ባሻ። በእኔ ይሁንብዎ።»

ባሻ የራሳቸውን አምስት ቆረጡ፤ የቀረውን አሳለፉ። እሳቸውም ሲበዛ ምን እንደሚጻፍ ዓምድ አልነበራቸውም።

ደብሪቱ ጠበቀች። ካፊያ ጀመረ። ቅዳሜ ገበያ የሚሄዱት ሄዱ፣ የሚመለሱት ተመለሱ። አቤት አልመጣም። ከዚህ በፊት በዚህን ያህል ጊዜ ሁልጊዜ መጥቶ ነበር። «አጠፋሁት» አለች በልቧ፤ «የነበረውንም አጠፋሁት።» ነጠላዋ ረጥቦ ከላይዋ ተጣብቋል፤ ባሻ ጓንጉል ወደ ጥላው ግቢ ቢሏት አልሰማቻቸውም።

ከዚያ መጣ። ሁለት ምት። ግን እንዴት ያለ! አንዱ ሳያልቅ ሁለተኛው የደረሰበት፣ ሁለቱ አንድ የሚመስሉበት። ደብሪቱ ከበሮውን አቅፋ ጮኸች፤ እልልታ ይሁን ለቅሶ ባሻ ጓንጉል እስከ ዕለተ ሞታቸው መለየት አልቻሉም። መዝገባቸው ላይ ግን «ደረሰ» ብለው ጻፉና፣ ዓምድ በሌለበት በዳር በኩል፣ በትንንሽ ፊደል «ለልጇ» ብለው ጨመሩበት።

ሰኞ ማታ በሩ ሊዘጋ ሲል ስንዱ ገባች፤ ጥሪው የቤት ነውና ባሏ ደግፏት፣ ሆዷን ይዛ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። እናትና ልጅ የተባባሉትን አልነግራችሁም፤ የእነሱ ነው። ስንዱ እቅፏ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ነበራት። ከነጭ ጥጥ የተሰፋች የአራስ ልጅ ቀሚስ ናት፤ ስፌቷ ትንሽ ተዛንፏል፣ ከጠርዟ በኩል ግን ሰፊ ትርፍ ተትቶላታል።

«አያ ይግለጡ ናቸው» አለች ስንዱ። «ልጁ ሲያድግ ትለቀቃለች አሉ። አርብ ማታ መጥተው ነገ አዳምጪ ብለውኝ ሄዱ። ቅዳሜ ቀንዱ ቤቴን ሲነፋ ደንግጬ ቆሜ ቀረሁ። ኋላ እሳቸው ወንዙን በልብሳቸው እየተንቦጫረቁ ሲመጡ አየሁ። ‹ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂ አቤት በይ!› ይሉኛል፤ ደግሞ ቆም ይሉና ‹ደወሉን ሰማሁት እኮ፣ አንዷን ለእኔ መታችልኝ፣ አንዷ የኔ ናት› ይላሉ።»

ስንዱ በሐምሌ ወንድ ልጅ ወለደች። መዝገቡ ላይ «የተጠራ» ተብሎ ተጻፈ። ወሬውም ከእናት ወደ እናት ዞረ፤ በሮቹ ሲከፈቱ ልጇን አዲስ ሰፈር የዳረች ሁሉ ለመቀስ አንዲት ምት እየተወች መጥራት ጀመረች። ደንቡ ግን አልተለወጠም። የቁርጥ አለቃ አንድም ሦስት ስላልሾለከበት ተሸለመ፤ የሙሌት አለቃም ሥራ ስለበዛበት ተሸለመ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ጀርባ ለጀርባ ናቸው አሉ።

የመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ። ደብሪቱ ልጇንና የልጅ ልጇን አስከትላ ከበሮው ዘንድ ሄደች። ሕፃኑ ያችን ቀሚስ ለብሷል።

«ዛሬ ማንን ነው የምትጠሪው?» አሉ ባሻ ጓንጉል ተገርመው። «ልጅሽ ይቻትና!»

ደብሪቱ አምስት፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ መታች። ከዚያ አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ። ትርፍ የለው፣ ጉድለት የለው፤ የቁርጡ አለቃ ከበሩ ቁጥር በቀር የሚቆርጠው አላገኘም፣ የሙሌቱ አለቃም የሚሞላው አላገኘም።

ጠበቁ። ስንዱ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረችው። ብዙ ቆየ። ኮት እየቆለፉ ይሆናል አለች ደብሪቱ በልቧ።

አንድ ምት መጣ። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ሁለተኛውም መጣ።

የሰማሁትን አደረስኩላችሁ። እናንተም ለሌላው ስታደርሱ እንዳትቆርጡብኝ፤ መቁረጥ ካለባችሁ ግን ከፊት ለፊት ትርፍ ትቼላችኋለሁ፣ እሷን ውሰዱ።